የአንድ ዶላር ላም

ፈቃዴ በሰኔ መጨረሻ ሞተ፣ በሰላም፤
ቀብር አልወጣለትም፣ ለቅሶ ደራሽ የለም።
ከቦርዱ የመጣው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦
«ካላሳደሱት ስምዎ ከመዝገብ ይሰረዛል።»
አላሳደስኩትም። እጄ ይንቀጠቀጣል፣
የሥልጠናው ሰዓት፣ የክፍያው ነገር ያሰለቻል፤
ደግሞስ አርባ ሦስት ዓመት በላም ማህፀን ውስጥ
የኖረ ክንድ ነው፤ እስቲ አንድ ቀን ይቀመጥ።

ያን ሌሊት በጥር፣ ዳኮታ ስትነጣ፣
በረዶው አጥር ውጦ እደጃፌ ሲመጣ፣
ስልኬ ጮኸ። አርዲስ ነበረች፣
ባሏን አምና የቀበረች፣
ቃል የማታበዛ። «ላሜ አማጠች» አለች።
«ከማታ ጀምሮ አንድ እግር ብቻ ነው የሚታይ፤
አዲሷ ዶክተር መቶ ማይል ላይ ናት፣ መንገዱም ዝግ፤ አንተ ትመጣለህ ወይ?»

ሁለት ማይል በትራክተር፣ አንድ ሰዓት ሙሉ።

«አርዲስ» አልኳት በጋጣው በር፣ ቡትሴን እያራገፍሁ፣
«ሕጉን አንዴ ስሚኝ፤ በቃሌ ይዤው ነው የመጣሁ።
ጎረቤት ለጎረቤት በነጻ ቢደርስ አይጠየቅም፤
ዋጋ ከተቀበለ ግን፣ እንቁላልም ቢሆን፣ ነጻ አይባልም።»
«እንቁላል?»
«እንቁላልም።»
«አንድ ማሰሮ ማርስ?»
«ማርም።»
«እኔ» አለች «በዕድሜዬ የሰው ጉልበት በነጻ አልወሰድኩም።
ባሌ ሲቀበር እንኳ፣ አፈሩን ላለበሰው
በግ ነው የሰጠሁት። ‹አመሰግናለሁ›ን ማን ይለብሰው?»

ሁለት ግትሮች ቆምን። ላሚቱ መሃላችን ታቃስታለች።

መብራት ያዡ ልጇ ሌይፍ፣ አሥራ ሁለት ገና ያልሞላው፣
«ሌላ ቀዳዳ የለውም?» አለ፤ ለልጅ ሕግ አጥር ነው፣ መሹለኪያ ያለው።
«አለው» አልኩ። «ተማሪ በመምህሩ ፊት፣ የመንግሥት ሐኪም በሥራው፣
ወይ ከሌላ ስቴት ተጠርቶ ምክር ብቻ የሚሰጠው፤
ደግሞም...» ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። «ደግሞም የገዛ ከብቱን
ባለቤት ቢያክም ቦርዱ አይጠይቅም፣ አያይም ወረቀቱን።»

ዝም። በረዶው ብቻ ቆርቆሮውን ይጠርጋል።
አርዲስ ከኪሷ እርሳስና የመኖ ደረሰኝ አወጣች።
«ስንት ይዘሃል?»
አንድ ዶላር ነበረኝ።
በደረሰኙ ጀርባ፣ ወደ መብራቱ ተጠግታ ጻፈች፦
«አንዲት ላም፣ ቀይ፣ ግንባረ ቦቃ፣ ቁጥሯ ስልሳ አንድ፣ ለሮልፍ ተሸጠች።»
ሌይፍ በምስክርነት ፈረመ፣ በትልልቁ፣ ሙሉ ስሙን፤
እኔም ጃኬቴን አወለቅሁ፣ ላክም የገዛ ላሜን።

ክንዴ የሚያውቀው ጨለማ፤ ሙቀቱ፣ መጥበቡ።
እጄ እዚያ ውስጥ መንቀጥቀጡን ተወ፤ አላውቅም ሰበቡን።
የታጠፈ ጉልበት፣ ወደ ኋላ የዞረ አንገት፤
ምጡ ሲለቃት ገፋሁ፣ ሲመጣ ጠበቅሁ፣ ደግሜ ገፋሁ፣
ሰኮናውን በመዳፌ ሸፍኜ ጉልበቱን ዘረጋሁ።
ገመድ። «አሁን ሳብ!» ሌይፍ ሳበ፣ አርዲስም ከኋላው ሳበች።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ እንደ ረጠበ ጆንያ ወደቀች፤
አፍንጫዋን በጭድ ነካሁት።
አነጠሰች።

ዶላሬን መለሰችልኝ፤ ላሟን መለስኩላት፣ በዚያው ወረቀት ላይ።
እንቁላል አልነካሁም። ማሩንም ሳላይ
ወጣሁ።

መጋቢት ላይ ሌይፍ ደረሰኙን ይዞ መጣ።
«አንብበው» አለኝ፣ ከበሩ ሳይገባ፣ ሳይወጣ።
«ላሚቱ ተመልሳለች። ስለ ጥጃዋ ግን የተጻፈ የለም፤
ስትወለድ እናቷ ያንተ ነበረች። አልሸጥክልንም።»
መነጽሬን ፈለግሁ። አነበብኩ። ልክ ነው።
እናቱ ልካው ይሁን፣ ራሱ ያሰበው፣
አልጠየቅሁትም።

እና አሁን፣ በዓመት ሁለቴ፣ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ፤
አዲሷን ዶክተር መንገድ ላይ ሳገኝ እጄን አነሳለሁ።
ፈቃድ የለኝም። ስሜ ከመዝገብ ወጥቷል። አንዲት ጊደር ግን አለችኝ፣
ቀይ፣ ግንባረ ቦቃ፣ ገና ሻንጣዬን ስታይ
እንደ ታካሚዎቼ ሁሉ የምትሸሸኝ።