በሁለት ዓይን መሃል

ሱቄ ሽምብጥ ነው፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ፤
ጠዋት ሲንጀሬን ሳወጣ፣ ማታ ሳስገባ፣
ሠላሳ ዓመት ሆነኝ ሰው በሜትር ስለካ፣
«ለኔ ዓይኔ ይበቃኛል» እያልኩ ስመካ።

ተከራዬ ምንይችል፣ ዘንዘልማ ተምሮ፣
ወረታ ሲመደብ፣ ፍራሹን በገመድ አስሮ፣
አንድ የመስታወት ሣጥን ጥሎብኝ ሄደ፤
ውስጡ እንሽላሊት፣ አምፖል መሞቅ የለመደ፣
የባሕር ማዶ ዘር፣ ገና እንጭጭ፣ ግን ጢማም፣
ሲቆጣ ጉሮሮው የሚጠቁር፣ ኩሩ፣ ግርማም።
ልጄ ሰዋሰው ዙሪያውን ዞረችና አየችው፤
«ግራዝማች» አለችው።

ምንይችል ባጃጅ ውስጥ ሆኖ፣ አንገቱን አውጥቶ፣
የሆነ ነገር ተናገረ፣ ጣቱን ወደ ዓይኑ አንስቶ፤
ሞተሩ ጮኸ። «እሺ» አልኩት፣ «እሺ፣ ገብቶኛል!»
ምን እንደገባኝ እግዜር ያውቃል።

ማብላት ስንት ዓይነት አለው? እኔ የማውቀው አንድ ነው፤
ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው።
ቅዳሜ ረፋድ ወደ ጣና ወረድኩ፤ እምቦጩ ውሃውን ውጦ፣
አንድ ታንኳ ብቻውን ቆሟል፣ አረንጓዴው ውስጥ ሰምጦ።
ከደንገሉ ሥር፣ በኮፍያዬ ከድኜ ያዝኩት፣
የመሃል ጣቴን የሚያህል ፌንጣ፣ እግሩ መጋዝ። ወደድኩት።
«ለባለ ማዕረግ» አልኩ፣ «ትንኝ አይቀርብም።»

ዋጠው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሦስት ጊዜ አንገቱን ሰብቆ፣
የፌንጣው እግር ከከንፈሩ ጥግ ወጥቶ፣ ተደብቆ፣
ዋጠው። ሰዋሰው አጨበጨበች። እኔም ኮራሁ።

ማታ መብራት ጠፋ። እኔ ተኛሁ።
አምፖሉ ሲቀዘቅዝ፣ ሆዱም አብሮ ቀዘቀዘ፤
ያ የመረጥኩለት ሲሳይ ውስጡ እንደ ጠጠር ተያዘ።
ጠዋት ሣጥኑን ሳይ፣ በፊት እግሩ ይሳባል፤
የኋላው፣ እንዳልተቀመቀመ ጫፍ፣ ይጎተታል።

ወረታ ደወልኩ። ምንይችል ቆየ፣ ዝም አለ፤
«ጋሼ ይሁኔ፣ ያን ዕለት ነግሬዎት ነበር እኮ» አለ።
«ሜትሩን ይተዉት፤ ልኩ ራሱ ፊቱ ላይ ነው፣
ከአንዱ ዓይን እስከ ሌላው፣ መሃል ያለው።
ፌንጣው ከዚያ አይርዘም። ከጫት ማሳ አይልቀሙ፣ መድኃኒት ይረጫል።
መብራት በጠፋ ማታ ጦም ይደር፤ ይሻለዋል።
አሁን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። ከዚያ... እንግዲህ እናያለን።»

«እናያለን» ሲል ሐኪም፣ «ነገ ይደርሳል» እንደምንለው ነው እኛ።
በዘጠነኛው ቀን አንድ እግሩ ነቃ፤ ሌላው አሁንም እንደተኛ።

ሲንጀሬ ላይ አሁን አንድ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል፣
ከግራ ዓይኑ እስከ ቀኝ ዓይኑ። በየወሩ ይቀየራል፤
ራሱ ሲሰፋ ክሩም ያድጋል።
የሰፈር ልጆች በሃይላንድ ፌንጣ ያመጣሉ፤
መነጽሬን አጥልቄ እቀመጣለሁ፤ አንድ በአንድ በክሩ ይለካሉ።
ረጅሙን፣ ወፍራሙን፣ ያማረውን፣ እመልሰዋለሁ ወደ ሣሩ።
«ይሄ እኮ ጥሩ ነበር!» ይላሉ። ጥሩማ ነው። እሱ ነው ችግሩ።

ትናንት ማታ ዓሣ ቀረበ። እንደ ልማዴ ጠቀለልኩ፤
እጄ መንገድ ላይ ቆመ። ግማሹን መልሼ ጣልኩ።
ሰዋሰው አፏን ከፍታ ጠበቀች፤ ከዚያ ሳቀች፤
«አባዬ፣ የኔንም ዓይን ለካኸው እንዴ?» አለች።
መልስ አልሰጠኋትም። ትንሿን ጉርሻ ጎረሰች።
«ድገመኝ» አለች።