ላልተለኮሰ እሳት

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ጤፍ ማሳው መካከል፣ ጭቃ ሲወልድ ጭቃ፣
አንድ ግራጫ ሕንጻ አለ፣ መስኮት የሌለው፤
በሩ ላይ ዘበኛው መታወቂያዬን ገልብጦ ገልብጦ አየው።
«ሐመልማል ደምረው» ይላል፤ ፎቶዬ ተኮሳትሯል፤
ከስሜ በታች በቀይ «ተለማማጅ ኦፕሬተር» ተጽፏል።
«የምን ኦፕሬተር ነሽ?»
«የኒውክሌር» አልኩት።
ሰማዩን፣ ማሳውን ቃኘና «የታለ?» አለኝ፤ ሳቅኩለት።

የለም።
ገና አልተቆፈረም መሠረቱ፤
ወንዙም አልተመረጠም፣ አልታወቀም ዓመቱ።
ያለው አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ሙሉ ሰሌዳ፣
ሺህ መብራት፣ ሺህ ቁልፍ፤
ከጀርባው ግን ሽቦ፣ ከሽቦው ጀርባ ባዶ ሜዳ።
ሲሙሌተር ይሉታል። ያስመስላል።
እሳት ሳይኖር ይግላል፣ ውሃ ሳይኖር ይፈላል፤
ቁጥሩ ብቻ ይወጣል፣ ቁጥሩ ብቻ ይወርዳል።

አቶ ጉርሜሳ፣ አሠልጣኛችን፣ ቆቃ ተርባይን ሥር ያረጁ፣
በሠላሳ ዓመት ጩኸት አንድ ጆሯቸውን የፈጁ፣
የመጀመሪያው ቀን ያሉን ይኸው ነው፦
«እጃችሁን ኪስ ክተቱ። ሙያው እዚያ ነው።
ቁልፍማ ሕፃንም ይጫናል፤
ኦፕሬተር መጀመሪያ ያነባል።»

ደወል ጮኸ። ቀይ በቀይ ሆነ ሰሌዳው።
ኢክራም ከጎኔ «ቢስሚላህ» ብላ ማንዋሉን ስትገልጠው
የእኔ እጅ ቀድሟት ቁልፉ ላይ ነው።
ተጫንኩት።
ፓምፑ ቆመ።
ግፊቱ ወጣ፣ ሙቀቱ ወጣ፣ ወጣ፣
ከዚያ ሁሉም ጠፋና ጣራው ላይ ነጭ መብራት መጣ።
አቶ ጉርሜሳ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። አልተቆጡም።
«ገደልሽን» አሉ። «በይ እንደገና።»
ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም።

ማታ አቃቂ ስደርስ ሰፈሩ ድፍን ጨለማ፤
መብራት ሄዷል። አባቴ ተቀምጧል በሻማ፤
ጉልበቱን ያሻል፣ ያን ውሻ የነከሰውን፣
ክረምት በመጣ ቁጥር የሚጠዘጥዘውን።
ሃያ ስድስት ዓመት ቆጣሪ አንብቧል፣
ከሳሪስ እስከ ገላን በር አንኳኩቷል፣
ካኪ ካፖርት ደርቦ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ፤
ማንም «ግባ፣ እረፍ» የማይለው፣ ዕዳ ይዞ ሲታይ።

«ዛሬስ ምን ሠራሽ?»
«ከተማ አጠፋሁ» አልኩት፣ ጫማዬን እያወለቅኩ።
ወደ ሞተው አምፖል በአገጩ እያሳየ
«ይኼም ያንቺ ነው?» አለ።
ሳቅን። ኋላ ግን ሻማውን አየና፦
«አንድ ጊዜ» አለ፣ «ዝናብ ነበረ፣ ቸኩዬ ነበርና
አንዱን ሰባት ብዬ ጻፍኩት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት።
በወሩ ብመለስ ሬዲዮኗን ሸጣ ከፍላለች።
ቁምሳጥኑ ላይ አቧራ ያልነካውን አራት ማዕዘን አሳየችኝ፤
ምንም አላለች።
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
ከዚያ ወዲያ ሁለቴ ነው የማነበው፤
ቁጥር፣ ልጄ፣ ከኋላው ሰው አለው።»

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስሜን ያመጣችው ከሲና ነው፤
ሙሴ ካየው ቁጥቋጦ፤ ነበልባሉ ሐመልማሉን ሳይበላው፣
ሐመልማሉም ነበልባሉን ሳያጠፋው።
ያን ሌሊት እንቅልፍ ሲርቀኝ ያሰብኩት ሌላ ነበር፦
ሙሴ ጫማውን አውልቆ አየና ሄደ፤
እዚያ ቁጥቋጦ ሥር
ፈረቃ የገባው ማን ነበር?

በነጋታው ደወሉ ሲጮህ እጄ ኪሴ ነበረ።
ኪሴ ውስጥ የአባቴ እርሳስ፣ ጥርስ ያረፈበት፣ ያጠረ።
ጮክ ብዬ አነበብኩ። ኢክራም ደገመችው።
እንደገና አነበብኩ። አንድ ነው፣ ሰባት አይደለም፤ አንድ ነው።
ቀዩ በየተራ ከሰመ፤ ቢጫ፤ ከዚያ አረንጓዴ።
አቶ ጉርሜሳ በደህናው ጆሯቸው ወደኛ ዘንበል እንዳሉ
ሻያቸውን ጨለጡ። ምንም አላሉ።

ስወጣ መሽቷል። ማሳው ላይ ጉም ተኝቷል።
ዘበኛው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይጠብቀኛል።
«እህ፣ መጣ?»
«ገና ነው» አልኩት።
እጄን ከኪሴ ሳላወጣ።