የእንግዶች መዝገብ

ዓርብ ነው፣ ሙሐረቅ፣ ከስግደት በኋላ፤
የገባሁት ለጥበብ አይደለም፣ ለጥላ።
ነሐሴ እዚህ አገር ዝናቡን ረስቶ
ሬንጁን ያቀልጠዋል፣ ከባሕር ወበቅ አምጥቶ።

በሩ ላይ የቆመችው ልጅ፣ ሙኒራ ነው ስሟ፣
«አህለን፣ ግቢ» አለችኝ ወደ ጎን ቆማ።
ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው በር ከፍቼ፣
ለኔ ሲከፈት ግን
ቆምኩኝ፣ እጄን የማኖርበት አጥቼ።

ቤቱ ከባሕር ነው። ድንጋዩ ኮራል፤
ቀዳዳው ውስጥ ዛሬም ዛጎል ይታያል።
እንግሊዞች ቪክቶሪያን ባነገሡበት ዘመን
አንድ የቴሌግራፍ ሹም ሠራው፣ አሉን፤
ጣሪያው የዘንባባ፣ ደረጃው እንደ ለንደን።
ሹሙ ሄደ፤ ሉል ነጋዴ መጣ፤ ሉል ሲረክስ ደግሞ
ሠዓሊና ገጣሚ ሰፈረበት፣ በዱቤ ተጠራቅሞ።

«እዚች ጠረጴዛ ላይ» አለች ሙኒራ
«አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ ያድር ነበር።
አንዱ ደግሞ ግድግዳውን ሥዕል ይሞላና
ጠዋት ሲያየው ይጠላዋል፤ በኖራ ያስለቀልቀዋል።»

እኔ የማየው ሌላ ነው። ዓይን ልማዱን አይለቅ፤
ያን ሁሉ ቀለም ከወለሉ ላይ ማን ነበር የሚፍቅ?
ያን ሁሉ የሻይ ብርጭቆ፣ ያን የሲጋራ አመድ
ማን ይጠርግ ነበር ግጥሙ ሲወርድ?
ጠየቅኳት። ሙኒራ ወረቀቷን አየች፣
አገላበጠችው። «አልተጻፈም» አለች።
ደግ ልጅ ናት፤ አፈረች።

ፎቅ ወጣን። ከነፋስ ማማው ሥር ቆምኩ፣
አንገቴን ቀና አድርጌ ነፋሱን ቀመስኩ።
ጣቴ ግን ሳላዘው ፍሬሙን ዳበሰ፤
የሁለት ሳምንት አቧራ ይዞ ተመለሰ።

መውጫው ላይ መዝገብ አለ፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረ፤
ገጹ ላይ ፈረንጁም ሕንዱም ስሙን አሰፈረ።
«ለእንግዶች» ይላል በዓረብኛ።
እንግዳ።
እንግዳስ እንግዳ ነኝ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ነኝ፤
ግን ማን ብዬ ልጻፍ? በፓስፖርቱ ሰሚራ ነኝ፣
ዘጠኝ ዓመት ጨምሮ ደላላ የወለደኝ።
ለማዳም ልጆች «ሱሱ»።
ወር ሲሞላ ለሚፈርሙልኝ፣ ቁጥር።

ክሩ አጭር ነው፤ ጎንበስ አልኩ።
ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ከአስቤዛ ዝርዝር በቀር
ምንም ያልጻፈች እጄ፣
ሁለት መስመር ይዛ፣ በራሴ ፊደል፦
ማንጠግቦሽ ምትኩ። ወረባቦ።

«ምን ማለት ነው?» አለች ሙኒራ አንገቷን አስግጋ።
ዓረብኛዬ ለኩሽና እንጂ ለዚህ አይበቃ፤
«አባቴ ያወጣልኝ» አልኳት፣ በቃ።

አስተያየት የሚል ቦታም ነበረው። እንዲህ አልኩ፦
ቤቱ ጥሩ ነው። ነፋሱም።
የላይኛው ፎቅ ፍሬም፣ አናቱ፣ ይወልወል።