ሻማ ይግባ

ማክሰኞ። መጋቢት። ዝናብ በመስኮቱ።
ከአርባ ሰው ካነሰ አይጀመርም ቤቱ፤
ሠላሳ ስድስት ነን፤ አፈ ጉባኤው ያዛጋል፣
ሳጂኑ በትሩን ይዞ አዳራሹን ያስሳል፤
ከጠበቆች መካከል፣ ከመጽሐፍ ሻጩ ጥግ፣
አራት ጎትቶ መጣ፣ አንዱ አፉን ሲጠርግ።

አርባ ሞላን። ጸሎት ሆነ። ብዕሬን ቀለም አጠጣሁ፣
እንደ ሃያ ዓመት ልማዴ «ግርማዊ» ብዬ ልጀምር ቃጣሁ፤
«ግር» ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።
ግርማዊ የለም። ግር አለኝ።
በሰንጢ ብራናውን ፋቅሁት፤ ብናኙ አስነጠሰኝ።
ከእንግዲህ ትእዛዝ የሚጻፈው «በነፃነት ጠባቂዎች» ስም ነው፤
«እነማን ናቸው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ዋናው ጸሐፊ «ጻፍ» ነው ያለው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»
ይል ነበር አባቴ፣ ኖርፎክ ላይ ሲያርስ።
ንጉሡስ ተከሰሰ፣ ከዚህ ግድግዳ ማዶ፣
አንገቱም ተቀላ፣ ምድር ለብሶ በረዶ፤
ሰማዩን ግን እስካሁን ሞፈር የነካው የለም፤
ያዘንባል እንደ አምናው፤ ጣራውም ደህና አይደለም።

መጀመሪያ ረግረጉ፦ በየት በኩል ይቀደድለት ቦይ?
ሁለት ሰዓት ተናገረ ጌርቫስ ሃምብልደን፣ ዳርቻውን ሳናይ።
ቀጥሎ የወታደር ደመወዝ፣ ስድስት ወር ያደረ።
ቀጥሎ የከሰል ዋጋ። ቀጥሎ አንድ አባል፣ እግሩን ሪህ ያሰረ፣
ወደ አገሩ ይሂድ፤ ተፈቀደ።
አንደኛው የነፃነት ዓመት፣ ማኅተሙ እንዳለው፣ ይኸው፤
እርጥብ ሱፍ ይሸታል፤ የሚበዛው ድምፁ ሳል ነው።

ከዚያ አልጋው መጣ።
የዋልነት እንጨት፣ አራት ምሰሶ፣ መጋረጃው ብል የበላው፤
«ይሸጥና ለወታደሩ ይሁን» አሉ፤ ግን ማነው የሚገምተው?
እኔ በመዝገቡ «አልጋ፣ አንድ» ብዬ አሰፈርሁ፤
ስንት ሺህ ሰው የሞተለትን በአንድ መስመር ጨረስሁ።
አልጋ ወራሹ ባሕር ማዶ በተውሶ አንሶላ ይተኛል ይባላል፤
አልጋው እዚህ በአናጢ ክንድ ይለካል።

ያን ጊዜ አንድ አቤቱታ፦ ዶርካስ ፌልተም፣ አጣቢ፤
እሷ ከደጅ ቆማለች፤ እኔ ነኝ አንባቢ።
«የዚያን አልጋ አንሶላ ዘጠኝ ዓመት አጥቤያለሁ፤
የሦስቱ አልተከፈለኝም፤ ሠላሳ አንድ ፓውንድ ነው፣ ቆጥሬያለሁ።
ሰውየው ሞቷል ትላላችሁ። አልጋው ግን በእጃችሁ ነው፤
አልጋውን የወረሰ እያለ፣ ዕዳውን የሚወርስ ማነው?»

ዝም አለ ቤቱ። ያ ሁሉ ሳል የት እንደገባ አላውቅም።
ሃምብልደን እንኳ የካባውን ቁልፍ እየቆጠረ ቀና አላለም።
«ወደ ኮሚቴ!» አለ አንድ ድምፅ፤ «ወደ ኮሚቴ!» አሉ የቀሩት፤
እፎይ። ሳሉ ተመለሰ። እኔም ጻፍሁት።

መሸ። መስመር ከመስመር ልለይ ብል ዓይኔ እምቢ አለ።
«ሻማ ይግባ» አለ አንዱ፤ «አይግባ» የሚልም አልጠፋ፣ አለ።
ለሻማም ድምፅ ይሰጣል፤ ይግባ ያሉ ወጡ፣ አይግባ ያሉ ተቀመጡ፤
አሥራ ስድስት። አሥራ ዘጠኝ። በጨለማ ተቆጥረው ወደ ራታቸው ሮጡ።
ውሳኔውን በዳበሳ አሰፈርሁ፣
ብዕሬ ከቀለሙ ይልቅ ጣቴን ደጋግሞ ቀምሶ፤
ዶርካስ ደረጃው አናት ላይ ነበረች፣ ሻሿ በዝናብ ርሶ።
«ምን አሉ?»
«ወደ ኮሚቴ።»
«እሱ ደግሞ ማነው? ደግ ሰው ነው? ቤቱስ ወዴት ነው?» አለችኝ።
ምን ልበላት? ደረጃው አይታይም፤
ሳሙና በበላው እጇ ክንዴን ይዛ አወረደችኝ።