ሳል ይዞ ስርቆት

ከጎማ ቤቱ ላይ፣ ኑዓይሚያ፣ አጅማን፣
ዘጠኝ ሆነን ነበር አንዲት ክፍል የያዝን።
መስኮት ነበረቻት፤ ካርቶን የለበሰች፣
በቡናማ ፕላስተር ዙሪያዋን የታሸገች።
ኤሲው እንዳይባክን፣ አቧራ እንዳይገባ፣
ከእኛ በፊት የኖረች ሴት ናት አሉ የዘጋቻት፣ ገና ስትገባ።
እኛም አልነካናትም።

ሌሊት ሌሊት ጦይባ ትራሷን ትነክሳለች፣
ሳሏን ትውጣለች።
ቀን በሰው መታጠቢያ ቤት ክሎሮክስና አሲድ ደባልቃ፣
የሰው ሰድር አንጥታ፣ የራሷን ደረት አድቅቃ፣
ማታ ትመጣለች።
«ምን ሆንሽ?» ስንላት «ኧረ ብርድ ነው» ትላለች።
ብርድ! በሐምሌ! በአጅማን!
ስምንታችንም ሰማን፤ ስምንታችንም አልሰማን።

ኢቃማ ሲታደስ የደረት ፎቶ አለ፤
ፎቶው ላይ ጥላ ካለ፣
ጥላው ከባለቤቱ ቀድሞ ጠያራ ይሳፈራል
ይላል የሚያውቅ ሰው፤ የማያውቀውም ይላል።
ቤቷ ጣራ የቀረው፣ ወንድሟ ያልተመረቀላት፣
የደላላ ዕዳ ያለባት፣
ምን ታድርግ? ትደብቃለች።
ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ለካ ይኸ ነው፤
የሰረቅነው ግን የሰው ዕቃ አይደለም፣ የገዛ ትንፋሻችንን ነው።

ብርዛፍ ናት የጀመረችው።
ደብረ ኤልያስ በጤና ኤክስቴንሽን የሠራች፣
እዚህ መጥታ ሰድር የምታጥብ፣ ያንን ግን ያልረሳች።
አንድ ዓርብ ወንበር ላይ ወጣች፣ የሽንኩርት ቢላዋ ይዛ፣
ፕላስተሩን ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው፣ ማንንም ሳታዋዛ።

ጠብ ሆነ።
አስካለ «የኤሲውን ሂሳብ አንቺ ልትከፍይ ነው?» አለቻት፤
ዘምዘም «አቧራው!» አለች፤ እኔም ባለቤቱን ፈርቼ ዘለፍኳት።
ብርዛፍ ካርቶኑን ገለበጠችው፤ ጀርባው ንጹሕ ነው፤
ዘጠኝ መስመር አሰመረችበት፣
ዘጠኝ ስም ጻፈችበት።
«ስንት ቀን ሳላችሁ? እውነቱን!» አለች።
ዝም።
ከታች የጎማ ቤቱ ንፋስ መሙያ ብቻ ተነፈሰ።

ከዚያ ዘምዘም፦ «ሃያ ቀን።»
ዘምዘም! ጭራሽ አልጠረጠርናትም።
ከዚያ አስካለ። ከዚያ እኔ።
ጦይባ ከሁሉም ኋላ፣ ከሻሿ ጫፍ ስር፣
«ከረመዳን ጀምሮ» አለች፤ እያየች ወደ ምድር።

ካርቶኑ አሁን ግድግዳ ላይ ነው።
ሻጂ፣ የኬረላው ፋርማሲስት፣ በተሰባበረ ዓረብኛ፣
«ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የሐኪም ነው» ብሎ
ሽሮፑን ከለከለን፣ እንደ ክፉ ዳኛ።
ፊደል ለማይለዩት ብርዛፍ በጠርሙስ አንገት ክር አሰረች፤
ቀዩና ሰማያዊው በአንድ ባልዲ አይገቡም፤
«ባላንጣ ናቸው፤ ቢገናኙ የሚሞተው አስታራቂው ነው» አለች።
ሙዘይን፣ እብነ በረድ ቆራጩ፣ ከኢንዱስትሪው ሠፈር፣
(ቅንድቡ ላይ ያለው ሽበት መስሎን ነበር፤
ታጥቦ ሲመጣ ለካ ጎረምሳ ነው)
ወሬውን ወሰደው፤
ደረቁን መጋዝ እምቢ ብለው፣
እሱና ጓደኞቹ ድንጋዩ ላይ ውሃ ለማፍሰስ ተራ ገቡ።
ዕቁባችን ለማንም ሳይወጣ አንድ ወር ለሐኪም ቤት ቆመ።
ማንም አላጨበጨበም።
አስካለ አጉረመረመች፤ ከፈለች ግን፣ ከሁላችን ቀድማ።

ማክሰኞ ጦይባን ይዘን ሄድን፤ አምስት ሆነን በአንድ ታክሲ።
ሹፌሩ «ሠርግ ነው?» አለን።
መልሱ ገና ነው።

ዛሬ ሌሊት መስኮቷ ክፍት ናት።
የባሕሩ ወበቅ ገብቷል፣ ሳህኑ ላይ አሸዋ አለ፤
ዘምዘም ነገ ጠዋት ማን እንደሚጠርግ እየተሟገተች ነው።
ጦይባ ሳለች።
ትራስ ሳትነክስ፣ ጮክ ብላ፣
ድንጋይ ላይ እንደሚሳል ቢላ።
ከጨለማው ውስጥ አንዷ «ይማርሽ» አለች፤
አንዷ «አላህ ያሽርሽ»፤
አስካለ ደግሞ፣ እንቅልፏ የተቋረጠባት፣
«ጻፉት» አለች፣ «ካርቶኑ ላይ ጻፉላት።»