ትርታ ቆጠራ

ፔዳ ግቢ፣ ከቤተ ሙከራው ጥግ፣ ሽቦ ያቆመው አፅም አለ፤
አናቱ ላይ አንድ ቀልደኛ የስፖርት ቆብ የሰቀለ።
ሁለት መቶ ስድስቱን ስም በሱ ጎድን ተምሬያለሁ፤
ጠዋት ለፈተና ጽፌ፣ ማታ ግማሹን ረስቻለሁ።
አፅሙ ግን አይተነፍስም። ዳገት አይወጣም፤ አያልበው፤
ጡንቻ ሲጣራ ደም እንዴት መንገድ እንደሚቀይር አያውቀው።
መምህሬ "ሂጂ" አለችኝ፣ "ሐይቁ ዳር ውረጂ፤ ሰው ለኪ፤
መጽሐፉ ከሚቀዝፍ ክንድ ላይ ነው፤ እዚያ ተንበርከኪ።"

ገደፋው ይባላል። አርባ አንዱ ነው፤ "ሠላሳ ምናምን" ይላል፤
ከዘጌ እንጨት ጭኖ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከተማው ዳር ይደርሳል።
ደንገል ሲያስር የኖረ ሰው፣ ሰዓቴን አይቶ ሳቀ፤
"ይኼ ነው ልቤን 'ሚያውቀው?" አንጓውን ሲሰጠኝ ተሳቀቀ።

ሦስት ጣቴን አሳረፍሁ፣ ካውራ ጣቱ ስር፣ ከጅማቱ ማዶ፤
ቆዳው የቆረሶ ቅርፊት፤
ከስሩ የሚራመድ ሰው አለ፣ ተረጋግቶ፣ ለምዶ።
አርባ ስድስት በደቂቃ። ደግሜ ቆጠርሁ። አርባ ስድስት።
የእኔ ሰማንያ አራት፣ ሳልነሳ ከተቀመጥሁበት።

ከዚያ ወጣን። እኔ ፊት ለፊቱ፣ ጉልበቴን ታቅፌ፣
ወረቀቴን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሰዓቴን ከውሃ አትርፌ።
የትከሻው ዝርግ አጥንት ከጀርባው ሸሽቶ ሲመለስ፣
ሰፊው የጀርባ ጡንቻ እንደ ሻላ ክንፍ ሲታጠፍ፣ ሲፈስ፣
አንዱ ሲኮማተር ሌላው ሲለቅለት፣ ሲያሳልፈው አየሁ፤
ዓመት ሙሉ በመጽሐፍ ፈልጌ፣ በአንድ ቀዘፋ አስተዋልሁ።

ክብራን በስተቀኝ ቀረ። ነፋስ ከዘጌ በኩል መጣ።
ገደፋው አጎነበሰ፤ ላቡ ከግንባሩ ወጣ።
"አሁን ክንዴ ይነዳል" አለ፣ "እሳት ነው፤ ግን አልቆምም፤
ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ነፍስ ይመጣል፤ አይቀርም።"
እኔ ስሙን አውቃለሁ፦ ኦክስጅን ሲያጥር፣ ስኳር በጥድፊያ ሲነድ፣
ሕዋስ ሲኮመጥጥ፣ ኋላ ልብና ሳንባ ሲደርሱ ካንድ መንገድ።
ሁለታችንም ልክ ነን።
እሱ እየቀዘፈ፤
እኔ ቁጭ ብዬ።

ዘጌ ዳር፣ ድንጋይ ላይ፣ ቆጠርሁ። መቶ አርባ ስምንት።
ደቂቃ ሳይሞላ መቶ። ሻይ ሳይቀርብ ስልሳ ሁለት።
ልቡ የተገራች በቅሎ፤ ጭነት ሲወርድላት የምትግጥ።
"ጎበዝ" አልሁ፣ ማዳመጫውን ከደረቱ ሳስቀምጥ።

ሉብ፣ ድብ። ሉብ፣ ድብ። በመሃል ግን ሌላ ድምፅ፣ ቀጭን፣ የሚሾልክ፣
ውሃ በደንገል መሃል ሲያልፍ፣ "ሽ..." እንደሚለው፣ ልክ።
ደግሜ ሰማሁ። ትንፋሼን ያዝሁ።
ሐይቁ ነው እንዳልል፣ ሐይቁ ዝም ብሏል።
መምህሬ ብላ ነበር፦ "የብርቱ ሰው ልብ ይሰፋል፤
የታመመም ሰው ልብ ይሰፋል። ከውጭ ማን ይለያል?"

"ምን አለችሽ?" አለኝ ገደፋው፣ ሸሚዙን እየቆለፈ።
የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አፌ ተንተፋተፈ።
"ፈለገ ሕይወት እንሂድ፤ በማሽን ይዩህ" አልሁት።
"ቅዳሜ ገበያ ነው" አለ። "ሰኞ ይሁን።"
"የትኛው ሰኞ?"
ሳቀ። "ልብ ድምፅ ካላት ምን አለ?
ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው።"

ስንመለስ መቅዘፊያውን ለመንሁት። ለምን እንደሆነ አልነገርሁት።
"በክንድሽ አይደለም" አለኝ፣ "ከእግርሽ ጣት ተነሽ፤ በወገብሽ አሳልፊው፤
ክንድ ተላላኪ ነው።"
ይኼ በመጽሐፌ የለም፤ ወይ አለ፣ እኔ ዘልዬዋለሁ።
እጄ ተላጠ። ደረቴ ውስጥ መቶ ሰማንያ ሰው ሮጠ።
እሱ ፊቴ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ፤ ወደ ከተማው መብራት አፈጠጠ።

ማታ ቅጹን ሞላሁ፦
ዕረፍት፣ አርባ ስድስት። ሥራ፣ መቶ አርባ ስምንት። ማገገም፣ ፈጣን።
"አስተያየት" የሚል ጠባብ ሳጥን ቀረኝ፣ ሦስት ቃል የማይበቃው።
"ሰኞ" ብዬ ጻፍሁበት።