ወንዙ ቆጣሪው ጋ ሲደርስ

ቂርያት ጋት፣ ከሐዲዱ ወዲህ፣ ከሦስተኛው ሕንጻ ኋላ፣
የመጠለያው ጀርባ አለ፤ ከድመትና ከጥላ
በቀር ማንም የማይጠጋው፣
ዐሥራ አራት ሜትር ግራጫ።
ሳይረን ሲጮህ በበሩ ነው የምንሮጥ፤
ጀርባውን ማን ያያል?
እኔ ወንዝ አየሁበት።

የትምህርት ቤቱን ወለል ወልውዬ ማታ እመጣና፣
ከእጄ ገና ሳይለቅ የበረኪና ሳሙና፣
ባለ ካሬ ደብተር ገልጬ ነደፍኩት ክረምቱን፣
ስፋቱን በስንዝር፣ በክንድ ርዝመቱን፤
አንድ ሺህ ሁለት መቶ የሸክላ ንጣፍ፣
ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ ከአንዱ ጥግ የሚያርፍ፣
እንደ ተወጠረ ክር፣ ጥምዝ የሌለው ወንዝ፣
ማንም የማያርመው፣ ማንም የማያግዝ።

መጀመሪያ የከዳኝ ግን ራሱ ጭቃው ነው።
ሲደርቅ ትንሽ አጠረ፣ ሲቃጠል ደግሞ ትንሽ፤
ደርድሬ ደርድሬ ጫፉ ላይ ብደርስ
የአንድ ልጅ ቁመት ያህል ባዶ ግንብ ተረፈ።

«ጭቃም ሰውም ሲደርቅ ያጥራል» አለች ሲሚ ከሰገነት፣
ማራካሽ ተወልዳ እዚህ ያረጀች ጎረቤት።
በእሷ ዕብራይስጥና በእኔ ዕብራይስጥ መሐል
ብዙ ቃል ይወድቃል፤
ይህኛው ግን አልወደቀም፣ ደረቴ ላይ ቆመ።

በማግስቱ በፌስታል የተሰበረ ሳህን አመጣች፣
የሠርጓን፣ አረንጓዴ፤ «ለባዶው ይሁንሽ» አለች።
አረንጓዴ! በወንዜ ላይ!
ሦስት ቀን አኮረፍኳት።
በአራተኛው፣ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ትዝ አለኝ፦
ወንዝ ዳር አለው። ዳር ደግሞ ሣር ያበቅላል።

ዘጠነኛው ሜትር ላይ የመብራት ቆጣሪ አለ፣
በዛገ የቆርቆሮ በር፣ ልክ መሐሉን የከፈለ።
«ለወይዘሮ ትርንጎ፦ አይሸፈንም» አለ ማዘጋጃው።
ለመንኩ፤ ደግሜ ጻፍኩ፤ ባለ ማኅተም መልስ መጣ፣ ያው።

ዤንያ፣ ኤሌክትሪክ ሠሪው፣ ቃል የማያበዛ ሰው፣
ጠመኔ ከኪሱ አወጣ፤ ሳይጠይቀኝ ሳጥኑን ዞረው፤
አንድ ቅስት፣ በሳጥኑ ትከሻ ላይ።
በንዴት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ጠፋ።
ደግ፣ አልኩና ገብቼ ተኛሁ።
ጧት ግንቡ ሲደርቅ ጠመኔው ተመልሷል፣
ፈዘዝ ብሎ፣ ጎብጦ፣ የኖረ ይመስላል።

ቆሜ አየሁት።
አንገረብን አሰብኩ፣ ልብስ ያጠብንበትን፤
መቼ ቀጥ ብሎ ያውቃል? ድንጋይ ሲገጥመው መዞሩን፣
ዞሮም ቁልቁለቱን አለመርሳቱን
በልጅነቴ አይቻለሁ።
ደብተሬ ላይ ያቀናው ናፍቆት ነው፤
ናፍቆት ማስመሪያ ይወዳል።

ሁሉን ግን እሺ አላልኩም።
ኮሚቴው «ድር ቢያብር» እያለ አንበሳ ሊያስርብኝ መጣ፣
ቢጫ፣ ባለ ጎፈር፤ «ይቅርታ፣
ከዚህ ወንዝ አንበሳ ውሃ አይጠጣ!»
ማዘጋጃው ዓርማዬን ቢል ጀርባዬን ሰጠሁት።
የሰማያዊውን ስፋት ለማንም አልቀነስኩም፤
መንገዱን ነው የለቀቅኩት።

ከዚያ ወዲያ እጅ በዛ።
አቶ ይርዳው በከዘራው የተንጋደደ ይጠቁማል፣
ራሱ ተንጋዶ ተቀምጦ።
ልጆቹ ሲሚንቶ ሲያቦኩ የሺራ ጫማ ሰጠመ፤
እዚያው ነው፣ ከሦስተኛው ሜትር ሥር፣ ማሰሪያው ብቻ ወጥቶ።
አንድ ቀን «ወንዛችን» የሚል ቃል ካፌ አመለጠኝ፤
ዞር ብዬ አየሁ፣ ማን እንደ ሰማኝ።

ትናንት የቆጣሪው አንባቢ መጣ፣ ቸኩሎ፣ በሞተር።
ቅስቱ ሥር ቆመ፤ በሩን ከፈተ፤
ግራ ቀኝ አየ፤ ምንም አላለም፤
ከወንዙ መሐል ቁጥር ቀዳና
በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ።